ሽፋኑ አንድ፣ ውስጡ ሌላ፦ ርካሽ የእጅ ሬዲዮዎችን ፕሮግራም የማድረግ ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

ጠረጴዛው ላይ ስድስት የእጅ ሬዲዮ ተደርድሯል። አምስቱ "ባኦፌንግ ዩቪ-5አር" ተብለው ነው የተገዙት። ስድስተኛው ኳንሸንግ ዩቪ-ኬ5 ነው። አጠገባቸው የፕሮግራም ኬብል፣ አንድ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ላፕቶፕና አንድ ኡቡንቱ ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምንኖር ጥቂት ሐበሾች የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አወጣን። የመጀመሪያው ደረጃ ቴክኒሺያን ይባላል። ፈተናው 35 ጥያቄ ነው፤ 26 የመለሰ ያልፋል። ምክንያታችን ቀላል ነው። ከባድ ዝናብና ነፋስ መጥቶ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ወይም ሸናንዶዋ ተራራ ላይ ስልኩ ጭጭ ሲል፣ እርስ በርስ መገናኘት እንፈልጋለን። ከዚያ ሁሉም በየፊናው ርካሽ ሬዲዮ ገዛ። አንዱ ዘንድሮ፣ ሌላው ከዓመታት በፊት፣ ሌላው ደግሞ ከሰው እጅ።

የተነሳሁበት ሥራ አንድ የቻናል ዝርዝር አዘጋጅቶ ስድስቱም ላይ መጫን ነው። በሬዲዮው ቁልፎች እየተጫኑ ማስገባት ይቻላል፤ ግን ያደክማል። ዩቪ-5አር ላይ አንድ የሪፒተር (ድምፃችንን ተቀብሎ ርቆ እንዲሰማ መልሶ የሚልክ ጣቢያ) ቻናል ለማስቀመጥ ቶኑን (ሪፒተሩን የሚከፍተውን ስውር ድምፅ) በሜኑ መምረጥ፣ መቀበያውን ፍሪኩዌንሲ ማስቀመጥ፣ ከዚያ መላኪያውን እንደገና ለብቻው እዚያው ቻናል ላይ ማስቀመጥ አለ። ይህንን በብዙ ቻናል፣ በስድስት ሬዲዮ አስቡት። ኮምፒውተር ይሻላል።

የምጠቀመው ሶፍትዌር ቺርፕ ነው። ነፃ ነው፤ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይሠራል። ከሁሉም በላይ የብዙ አምራቾችን ሬዲዮ በአንድ መስኮት ይከፍታል። የአምራቾቹ የራሳቸው ሶፍትዌር አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሞዴል ብቻ ነው፤ የአንዱን ፋይል ሌላው አይከፍተውም። እኛ ደግሞ ያለን ቅይጥ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት

ሥራው ገና ከኬብሉ ቆመ።

ኬብል ሲባል ሽቦ ብቻ ይመስላል። አይደለም። በዩኤስቢው ጫፍ፣ ፕላስቲኩ ውስጥ ቺፕ አለች። የኮምፒውተሩን ዩኤስቢ ወደ ተራ ሲሪያል (ዳታ ቢት በቢት ተራ በተራ የሚያልፍበት የቆየ አሠራር) የምትቀይረው እሷ ናት። እነዚህ ሬዲዮዎች በዚህ መሰኪያቸው ዩኤስቢ የሚባል ነገር አያውቁም፤ የሚያውቁት ሲሪያል ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የሚነጋገረው ከሬዲዮው ጋር አይደለም፤ ከቺፗ ጋር ነው። ለቺፗ ደግሞ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከእሷ ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም፣ ያስፈልጋል።

ታላቃችን ጋሼ ከሬዲዮአቸው ጋር በአንድ ላይ የመጣላቸውን ኬብል ሰጡኝ። ሰካሁት። ዲቫይስ ማናጀርን፣ የተሰኩ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበትን የዊንዶውስ መስኮት፣ ከፈትኩ። ፖርቶች ከሚለው ሥር ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት አለ። ጎኑ ላይ የኬብሉ ስም መጻፍ ሲገባው ማሳሰቢያ ተጽፏል፤ ፒኤል2303ኤችኤክስኤ የተባለው ቺፕ በፈረንጆች ከ2012 ጀምሮ ከምርት ስለወጣ አቅራቢዎን ያነጋግሩ ይላል።

"ተበላሽቷል ማለት ነው?" አሉኝ ጋሼ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው።

"አልተበላሸም ጋሼ። ኬብልዎ ደህና ነው። ድራይቨሩ ነው አልቀበልም ያለው።"

ምክንያቱ ይሄ ነው። ፒኤል2303 የታይዋኑ የፕሮሊፊክ ኩባንያ ቺፕ ነው። በጣም ስለተወደደ ተመሳስሎ የሚሠራው ቅጂ ገበያውን ሞላው። ኩባንያው አዳዲስ ድራይቨሮቹን ሲያወጣ ቅጂዎቹንና ከምርት ያወጣቸውን የራሱን አሮጌ ሞዴሎች እንዳይቀበሉ አደረጋቸው። ኩባንያው መብቱን ማስከበሩ ነው። ግን ዕዳው የሚወድቀው ምን ቺፕ እንደገዛ በማያውቀው ሰው ላይ ነው። ኬብሉ ከውጭ ሲታይ ምንም ምልክት የለውም። የሸጠለት ሰው እንኳ አያውቅ ይሆናል።

መፍትሔው ወደ ኋላ መመለስ ነው። የፕሮሊፊክ ድራይቨር 3.2.0.0 የሚባለው አሮጌ ዕትም እነዚህን ቺፖች ይቀበላል። ጫንኩት። መጫን ብቻውን ግን አይበቃም፤ ዊንዶውስ አዲሱን እየመረጠ ይቀጥላል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ኬብሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ፣ ድራይቨር አፕዴት የሚለውን መርጦ፣ "ከኮምፒውተሬ ልፈልግ"፣ ቀጥሎ "ከዝርዝር ልምረጥ" የሚለውን መጫን ነው። ሁለቱም ዕትሞች ተደርድረው ይመጣሉ። 3.2.0.0ን ስመርጥ ቢጫው ምልክት ጠፋ፣ በምትኩ ኮም 5 የሚል ቁጥር መጣ። ይህችን ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል፤ ቺርፕ ይጠይቃታል። ኬብሉን ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ውስጥ ከሰኩት ቁጥሯ ልትቀየር ትችላለች።

እሑድ ማታ

ላፕቶፑ ሌሊቱን አፕዴት አደረገ። ቢጫው ምልክት ተመልሷል።

የአሮጌው ድራይቨር ትልቁ ችግር ይኼ ነው። ዊንዶውስ ለተጠቃሚው ያሰበ መስሎት አዲሱን መልሶ ያመጣል። እንደገና መምረጥ ይቻላል፤ ግን ጋሼ ቤታቸው ብቻቸውን ሆነው አያደርጉትም። ዛሬ ለእሳቸው የሠራሁት ነገር ከወር በኋላ የማይሠራ ከሆነ አልሠራሁላቸውም።

ስለዚህ ሌላ ኬብል ለማዘዝ ተስማማን። ኤፍቲዲአይ የሚባል የሌላ ኩባንያ ቺፕ ያለበት። ዋጋው ወደ ሃያ ዶላር ነው። ጋሼ ዋጋውን ሲሰሙ ቅር አላቸው።

"ሬዲዮውን እኮ የገዛሁት በዚሁ ዋጋ ነው!"

እውነታቸውን ነው። ግን ኬብሉ የስድስታችንም ነው፤ ተዋጥተን ገዛነው። ለማንም ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው። ከሬዲዮው ይልቅ ኬብሉ ላይ አትሰስቱ። ሬዲዮው ይቀያየራል፤ ይሄ ባለሁለት እግር መሰኪያ ግን ከብዙ ርካሽ ሬዲዮ ጋር ይሄዳል።

ኤፍቲዲአይም ቢሆን ቅጂ አለበት። እንዲያውም በፈረንጆች ኦክቶበር 2014 አካባቢ ከባድ ነገር ተፈጥሮ ነበር። በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የመጣ የኤፍቲዲአይ ድራይቨር ቅጂ ቺፖችን ሲያገኝ የመለያ ቁጥራቸውን ዜሮ ያደርግ ነበር። ቺፗ ከዚያ በኋላ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ተራ ድራይቨር አያውቃትም። ሰው ተቆጣ፣ ድራይቨሩም ተነሳ። ይህን የምጽፈው ከማን እንደምትገዙ እንድታስቡበት ነው። የሬዲዮ ዕቃ ብቻ ከሚሸጥ፣ ስሙን ከሚጠብቅ ነጋዴ መግዛት የተሻለ ነው።

ማክሰኞ ማታ

አዲሱ ኬብል ደረሰ። ሰካሁት፣ ዊንዶውስ ወዲያው አወቀው፣ ቁጥር ሰጠው። ምንም የምጽፈው የለኝም፤ እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

የቀረው የሬዲዮው ጫፍ ነው። ይህ መሰኪያ ከኬንውድ የተወረሰ ነው። ሁለት እግር አለው፤ አንዱ 3.5 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 2.5 ሚሊ ሜትር። የጆሮ ማዳመጫና ማይክ የሚሰካበት ቀዳዳ ነው፤ ዳታውም የሚያልፈው በዚያው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሶፍትዌሩን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የመሰኪያው ነው። መሰኪያው እስከ መጨረሻው ሳይገባ "ገባ" የሚል ስሜት ይሰጣል። ከዚያ ቺርፕ "ሬዲዮው መልስ አልሰጠም" ይላል።

የጋሼ ሬዲዮ ላይ በቅርብ አየሁት። መሰኪያውን አስገብቼ በባትሪ መብራት ከጎን ተመለከትኩ። በፕላስቲኩና በሬዲዮው ገላ መሃል ጥፍር የምታስገባ ክፍተት አለች። የመሰኪያው ፕላስቲክ ጠርዝ ከሬዲዮው ጎን ወጣ ብሎ ካለው ክፈፍ ጋር ተጋጭቶ ነው። በአውራ ጣቴ ጠንከር አድርጌ ገፋሁት። ቀጭ አለ። ክፍተቷ ጠፋች።

አንዳንድ ሰው የኬብሉን ፕላስቲክ በምላጭ በትንሹ ይልጠዋል። እኛ ጋ አላስፈለገም።

ረቡዕ ማታ

የመጀመሪያው ንባብ።

ቅደም ተከተሉን እጽፋለሁ፤ ሌሎቹም ቤታቸው እንዲሠሩት። ሬዲዮው ጠፍቶ ሳለ ኬብሉን መሰካት። ማብራት፣ ድምፁን ከግማሽ በላይ ማድረግ። ማንም የማይናገርበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ማቆም። ከዚያ ቺርፕ ውስጥ "ከሬዲዮ አውርድ" የሚለውን ከፍቶ ፖርቱን፣ አምራቹንና ሞዴሉን መምረጥ።

የጋሼ ሬዲዮ ላይ ሠራ። የሬዲዮው መብራት በራ፣ ስክሪኑ ላይ አሞሌው ቀስ እያለ ሞላ፣ ሠንጠረዡ ተከፈተ። ከ0 እስከ 127፣ 128 ቻናል። ጋሼ በስልክ መስመር ላይ ነበሩ። "ምን አለበት?" አሉ። ከፋብሪካ የመጡ የሙከራ ቻናሎች አሉበት። እነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች እኛ ፈቃድ ያለንባቸው ላይሆኑ ይችላሉ፤ የንግድ ድርጅት ወይም ሌላ አገልግሎት ሊሆኑ ይችላሉ። ሬዲዮው ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ድረስ ይልካል፤ ለእኛ የተፈቀደው ግን በዚህ ክልል ውስጥ ከ144 እስከ 148 ብቻ ነው። ሬዲዮው አይከለክላችሁም። ሕጉ ነው የሚከለክለው።

ማንኛውንም ነገር ከመንካቴ በፊት ፋይሉን አስቀመጥኩ። ስሙን "የጋሼ፣ ከፋብሪካ እንደመጣ" አልኩት። ይህ ፋይል የቻናል ዝርዝር ብቻ አይደለም። የሬዲዮው ማኅደረ ትውስታ ሙሉ ግልባጭ ነው፤ ውስጡ ለዚያ ሬዲዮ ብቻ የተስተካከሉ ቁጥሮች አሉ። የስኩዌልች (ማንም ሳይናገር የጀርባ ሹክሹክታውን የሚዘጋው) መጠን፣ የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ ሌላም።

ለዚህ ነው የአንዱን ሬዲዮ ፋይል እንዳለ ወደ ሌላው መጫን የማይገባው። ሁለተኛውን ዩቪ-5አር ሳነበው የፈርምዌሩ (ሬዲዮው ውስጥ የተጫነው ፕሮግራም) ዕትም ከጋሼ የተለየ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ወዳጃችን፣ ከሰው እጅ የገዛው ነው። ቁልፍ 3ን ተጭኖ ሲያበሩት የዕትም ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ነገር ግን አዳዲሶቹ ላይ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ቢኤፍቢ297 ብቻ እያለ ስለሚቀር አይታመንም። ትክክለኛው የሚገኘው ቺርፕ ካነበበው በኋላ ነው። ቺርፕ የፋይሉና የሬዲዮው ዕትም ሳይገጥም ሲቀር መጫኑን አቁሞ ሁለቱንም ዕትም ይነግራችኋል። ይህ መከላከያ ነው። የሚያናድድ ቢመስልም አመስግኑት።

ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። እያንዳንዱን ሬዲዮ ከራሱ ማንበብ። ከዚያ የጋራውን ቻናል ዝርዝር በሌላ ታብ ከፍቶ፣ ረድፎቹን ኮፒ አድርጎ በዚያ ሬዲዮ ፋይል ላይ መለጠፍ። ከዚያ ለዚያው ሬዲዮ መልሶ መጻፍ።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ ያልጠበቅኩት ነገር ነው የያዘኝ። የልጅቷ ሬዲዮ ነው፤ ከመካከላችን በዕድሜ ትንሿ ናት፣ ፈቃዱን ግን በከፍተኛ ውጤት ያለፈችው እሷ ናት። ሬዲዮውን ስትገዛ ማስታወቂያው ዩቪ-5አር ነው የሚለው። ሽፋኑ ያው ጥቁር ነው፤ መሰኪያውም ያው። ኬብሉ የጋሼን ሬዲዮ አሁን አንብቧል። የፖርቱ ቁጥርም እዚያው ነው። የሷን ስሰካ ግን "ሬዲዮው መልስ አልሰጠም"።

መሰኪያውን በመብራት አየሁ። ገብቷል። ድምፁ ከፍ ብሏል። የጋሼን መልሼ ስሰካ ያነባል። ስለዚህ ከኬብሉ ወዲህ ያለው ሁሉ ደህና ነው፤ ልዩነቱ ሬዲዮው ውስጥ ነው።

እስቲ ስክሪኑን ልየው አልኩ። ባለቀለም ነው። የጋሼ አይደለም። ባትሪውን አውጥቼ ከጀርባው ያለውን ተለጣፊ አነበብኩ። ዩቪ-5አርኤም ይላል። አንዲት ፊደል።

ያቺ አንዲት ፊደል ግን ሌላ ሬዲዮ ማለት ናት። የቺርፕን የምርመራ መዝገብ ከፍቼ ሁለቱን አስተያየሁ፤ ኮምፒውተሩ የሚልከውና የሚመለስለት እያንዳንዱ ባይት እዚያ ይታያል። ለአሮጌው ዩቪ-5አር ኮምፒውተሩ በሴኮንድ 9,600 ቢት ፍጥነት ሰባት ባይት ይልካል። የመጨረሻዎቹ አራት ባይቶች፣ 20፣ 12፣ 07 እና 25፣ አብረው ሲነበቡ ቀን ይመስላሉ፤ በፈረንጆች ጁላይ 25 ቀን 2012 እንደማለት። ሬዲዮው ይህን ሲሰማ አንዲት ባይት ይመልሳል። ቁጥሯ 6 ናት። በኮምፒውተር ቋንቋ "ደርሶኛል" ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ማኅደሩ የሚከፈተው።

ዩቪ-5አርኤም እና ወገኖቹ፣ ለምሳሌ ዩቪ-17 ፕሮ፣ በሌላ ፍጥነት ነው የሚሰሙት፤ 115,200። የሚጠብቁትም የይለፍ ቃል አሥራ ስድስት ሆሄ ያለው ነው፤ "ፕሮግራም" በሚል ይጀምራል፣ በግልጽ በፊደል የሚነበብ። በ9,600 የተላከ ሰባት ባይት ለእነሱ ቃል አይደለም። አማርኛ የማይሰማን ሰው በአማርኛ እየጮኹ መጥራት ነው፤ ጩኸቱን ቢጨምሩ ዞር አይልም።

ቺርፕ ውስጥ ሞዴሉን ዩቪ-5አርኤም ብዬ መረጥኩ። ወዲያው አነበበ። ፍጥነቱም ይለያል፤ የጋሼን ሬዲዮ ለማንበብ ሻይ ማቅረብ ይቻላል፣ ይህኛው ግን ቁጭ ሳልል ጨረሰ።

በዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ሰው ሬዲዮው አልሠራም ብሎ ይመልሳል፣ ወይም ኬብል ላይ ኬብል ይገዛል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ዝርዝሩ ውስጥ የተሳሳተ ስም መመረጡ ነው። የማስታወቂያውን ርዕስ አትመኑ፤ ሳጥኑንም አትመኑ። ባትሪውን አውጡና ተለጣፊውን አንብቡ። እዚያም ካልተገለጸ ስክሪኑን፣ ሜኑውንና የቻናሉን ብዛት እዩ። 128 ከሆነ የድሮው ቤተሰብ ነው። ወደ ሺህ የሚጠጋ ከሆነ የአዲሱ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር። የቺርፕ አሮጌ ዕትም ላይ ከሆናችሁ አዲሶቹን ሞዴሎች ዝርዝሩ ውስጥ አታገኟቸውም። አሮጌው ቺርፕ ፓይተን 2 በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነበር፤ ፓይተን 2 ደግሞ በፈረንጆች 2020 መጀመሪያ ድጋፉ ቆመ። የአሁኑ ቺርፕ ወደ ፓይተን 3 የተሸጋገረው ነው። አዲስ ዕትም ቶሎ ቶሎ ስለሚወጣ ከመጀመራችሁ በፊት አዲሱን አውርዱ።

ቅዳሜ

ልጅቷ ላፕቶፗ ኡቡንቱ ስለሆነ በራሷ ኮምፒውተር መሥራት ፈለገች። ደግ ነው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር፣ እጄን ግን አላስገባሁም።

የሷ ኬብል ሲኤች340 የሚባል ቺፕ ነው ያለው። ሊኑክስ ላይ ለዚህ ድራይቨር መፈለግ የለም፤ ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት፣ ውስጥ አለ። ሰካችው። ፖርቱ ለአፍታ ታየና ጠፋ። ደግማ ሰካችው፤ ታየ፣ ጠፋ።

መዝገቡን ስታይ ምክንያቱ ወጣ። ቢአርኤልቲቲዋይ የሚባል ፕሮግራም ኬብሉን ቀምቶታል። ይህ ፕሮግራም ለዓይነ ስውራን የብሬል ማሳያ መሣሪያዎችን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ነው። አንዳንድ የብሬል መሣሪያዎች ውስጥ ያው ሲኤች340 ቺፕ አለ፤ መለያ ቁጥሩም አንድ ነው። ስለዚህ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ፕሮግራሙ ኬብሉን ሲያይ የብሬል ማሳያ የተሰካ መስሎት ይይዘዋል።

እሷ የብሬል ማሳያ ስለማትጠቀም ፕሮግራሙን አጠፋችው። ፖርቱ ከዚያ በኋላ አልጠፋም። ግን ማሳሰቢያ አለኝ። በአማተር ሬዲዮ ዓለም ዓይነ ስውር የሆኑ ብዙ ጎበዝ ሰዎች አሉ። ኮምፒውተሩ የጋራ ከሆነ ይህን ፕሮግራም ዝም ብላችሁ አታጥፉ፤ ለሌላው ሰው ዓይኑ ነው። የዚያን አንድ ቺፕ ሕግ ብቻ ማንሳት ይቻላል።

ቀጥሎ "ፈቃድ የለህም" የሚል መልእክት መጣ። ይሄ የታወቀ ነው። ኡቡንቱ ላይ ሲሪያል ፖርት መክፈት የሚችለው ዳያልአውት በሚባለው ቡድን ውስጥ ያለ ተጠቃሚ ነው። ራሷን ጨመረች። አልሠራም። "እንዴ!" አለች። ወጥቶ መግባት ያስፈልጋል፤ ቡድኑ የሚታወቀው እንደገና ሎግ ኢን ሲደረግ ነው። ወጣች፣ ገባች፣ ሠራ። ሬዲዮዋን ራሷ አነበበች።

ሰኞ ማታ

ኬ5። የቢሮ ባልደረባችን ነው ያመጣው።

ኳንሸንግ ዩቪ-ኬ5 ሃርድዌሩ ያው ባለሁለት እግር መሰኪያ ነው፤ ኬብሉ ያው ይሠራል። ፍጥነቱ 38,400 ነው፣ ሦስተኛ ዓይነት። ቻናሉ 200። ፋብሪካው ያስገባበት ፈርምዌር ላይ ቢሆን ቺርፕ በቀጥታ ያነበው ነበር። ባልደረባችን ግን በጎ ፈቃደኞች የሠሩትን የተሻሻለ ፈርምዌር ጭኖበታል። የኬ5 ተወዳጅነት ራሱ ከዚህ የመጣ ነው፤ ሰው ፈርምዌሩን ከፍቶ ብዙ ነገር ጨመረበት።

ዋጋው ግን አለ። የተሻሻለው ፈርምዌር ማኅደሩን ሌላ ቦታ ላይ ሌላ ነገር ያስቀምጥበታል። የቺርፕ መደበኛ ድራይቨር ዕትሙን አይቶ አላውቀውም ይላል። ለዚያ ፈርምዌር የተጻፈውን ድራይቨር ለብቻው አውርዶ፣ ቺርፕ ውስጥ "ሞጁል ጫን" በሚለው ማስገባት ያስፈልጋል። ሞጁሉ የፈርምዌሩን ዕትም መምሰል አለበት፤ ካልመሰለ ቅንብሮቹ ይዛባሉ። ይህ ሞጁል የሌላ ሰው የተጻፈ ኮድ ስለሆነ ከፈርምዌሩ ሠሪዎች ገጽ ብቻ ነው የወሰድነው። ቺርፕን ዘግቶ መክፈት ሞጁሉን ያስረሳዋል፤ በየጊዜው መጫን ነው።

ሠርቷል። ለጋሼ ግን አልመክረውም።

ረቡዕ ማታ

አሁን ሁሉም ተነቧል፣ ሁሉም ተቀምጧል። የጋራ ዝርዝሩን የመለጠፍ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ቻናል 146.520 ሜጋኸርዝ፣ በአሜሪካ የሁለት ሜትር ባንድ (ያ ከ144 እስከ 148 ያለው ክልል) ያለ ሪፒተር የቀጥታ መጥሪያ። ቀጥሎ 446.000፣ ያው በ70 ሴንቲ ሜትር። ቀጥሎ አካባቢያችን ያሉ ሪፒተሮች። ከዚያ የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ የሚተላለፍባቸው ሰባት ፍሪኩዌንሲዎች፣ ከ162.400 እስከ 162.550። እነዚህ መስሚያ ብቻ ናቸው። ቺርፕ ላይ ዱፕሌክስ የሚለው፣ የመላኪያውን ፍሪኩዌንሲ የሚወስነው ዓምድ ውስጥ "ኦፍ" ብዬ አስቀመጥኩ። አሁን ሰው በስህተት መላኪያውን ቢጫንም ሬዲዮው አይልክም። ጋሼ ሬዲዮውን ኪሳቸው ውስጥ ይከቱታል፤ ይህች አንዲት ቃል ብዙ ነገር ትከለክላለች።

ስሞቹ ላይ ቆየን። አሮጌው ዩቪ-5አር የቻናል ስም ከሰባት ሆሄ በላይ አይቀበልም፣ አዲሶቹ ግን ረዘም ያለ ይይዛሉ። ፊደሉም ላቲን ብቻ ነው፤ የግዕዝ ፊደል የለውም። ስለዚህ በሰባት ሆሄ የሚበቃ ስም መረጥን፣ ስድስቱም ላይ አንድ ዓይነት እንዲሆን። በጭንቅ ሰዓት "ወደ ሦስተኛው ሂዱ" ሲባል የሁሉም ሦስተኛ አንድ መሆን አለበት።

ስለጥፍ ቺርፕ አንዳንድ ረድፍ ላይ አስጠነቀቀኝ። የኃይል ደረጃው በዚህ ሬዲዮ ላይ የለም ይላል፤ የአንዱ ሁለት ደረጃ ነው፣ የሌላው ሦስት። ቅርብ የሆነውን ራሱ ይመርጣል። ልክ ነው፣ አለፍኩት።

ጋሼ ለገና አገር ቤት ሲሄዱ ሬዲዮውን ይዘው መሄድ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። "ወንድሜን በዚህ ባናግረው" አሉ። ሐሳባቸው ጥሩ ነው፣ መልሴ ግን አይሆንም ነው። የአሜሪካ ፈቃድ ኢትዮጵያ ውስጥ በራሱ አይሠራም፤ ሬዲዮ ለማስገባት ቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ወንድማቸውም ፈቃድ የላቸውም። ደግሞ ዝርዝራችን ራሱ አይሆንም። ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ አከፋፈል አንደኛው ክልል ውስጥ ናት፤ እዚያ የሁለት ሜትር ባንድ ከ144 እስከ 146 ነው። የእኛ 146.520 ከዚያ ውጭ ይወድቃል። ፍላጎቱ ላለው ሰው አገር ቤት የራሷ የአማተር ሬዲዮ ማኅበርና ኢቲ3ኤኤ የሚል የጥሪ ምልክት ያለው የክበብ ጣቢያ አላት። መጀመሪያ እነሱን ማነጋገር ነው።

"እሺ፣ ይቀመጥ" አሉ። አዘኑ፤ እኔም አዘንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት

ሙከራ። ሁላችንም በየቤታችን፣ በ146.520። የጥሪ ምልክታችንን እየጠራን ገባን። አምስቱ ተሰሙ። የጋሼ ድምፅ ከሁሉም ጎልቶ መጣ፤ ፎቅ ላይ ናቸው።

ከዚያ ወደ ሪፒተሩ ሄድን። እዚህ ላይ አንዱ ወዳጃችን ጠፋ። እሱ ሲናገር እንሰማዋለን፤ እኛ ስንመልስ እሱ አይሰማም። ስልክ ደወለ። "ለምን አትመልሱልኝም?"

ዝርዝሩን ከፍቼ አየሁት። የሱ ሬዲዮ ላይ ያለው የሪፒተር ረድፍ የእኛ አይደለም፤ ቀድሞ ከሌላ ሶፍትዌር ያስገባው ፋይል ነው የቀረው። የቶን አሠራሩ ቲኤስኪውኤል በሚለው ላይ ነው። "ቶን" የሚለው ሲመረጥ ሬዲዮው ቶኑን ይልካል ብቻ። ቲኤስኪውኤል ከሆነ ግን ያንኑ ቶን ከሪፒተሩ ካልሰማ ድምፁን አይከፍትም። ይህ ሪፒተር ቶን አይመልስም። ስለዚህ የሱ ድምፅ ይወጣል፣ ጆሮው ግን ዝግ ነው። ቺርፕ ላይ ለሁለቱ ሁለት የተለያዩ ዓምዶች አሉ፤ ሁለቱም ሳይነኩ ሲቀሩ 88.5 ነው የሚያሳዩት። ፋይል ከሌላ ሶፍትዌር ሲመጣ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ እነዚህን ነው።

ሬዲዮውን ይዞ መጣ። ወደ "ቶን" ቀየርኩለት፣ ጻፍኩበት፣ ከደጃፌ ላይ ሆኖ ጠራ። ጋሼ መለሱለት።

ቅዳሜ ማታ

ስድስቱንም ፋይል በየባለቤቱ ስም አስቀምጬ ለሁሉም ላክሁ፤ ከፋብሪካ የመጣውንም፣ የአሁኑንም። እያንዳንዱ ሬዲዮ ባትሪ ሥር ትንሽ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ላዩ ላይ ቺርፕ ውስጥ የሚመረጠው ትክክለኛ የሞዴል ስም አለ። የኬ5ቱ ላይ የፈርምዌሩ ዕትምም አለ።

የቀረ አለ። ከአምስቱ ዩቪ-5አሮች አንዱ፣ የድሮው፣ ስኩዌልቹ ዝቅተኛ ደረጃዎቹ ላይ ልዩነት የለውም፤ 1ም ቢሉት 4ም ቢሉት የጀርባ ሹክሹክታው ይገባል። ቺርፕ የአገልግሎት ቅንብር በሚለው ክፍል የየደረጃውን ወሰን ለመቀየር ይፈቅዳል። የሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ነው። ጋሼ ደግሞ ዩቪ-5አር ሚኒ አዘዋል። ቺርፕ ዝርዝር ውስጥ ስሙ አለ። ሲደርስ መጀመሪያ ተለጣፊውን አነባለሁ፤ ቀጥዬ ሬዲዮውን።